ጾም የያዙ ዓሣዎች

«ፈሪ ለእናቱ» የሚሉት እውነት ከሆነ፣ በዚህ አገር እንደ እናቴ የታደለች እናት የለችም። ውሻ እፈራለሁ። መብረቅ እፈራለሁ። ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እፈራለሁ። ባጃጅ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ከተቀመጥኩ እስክወርድ ድረስ ጸሎት ላይ ነኝ። ዓሣ እፈራለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ዓሣ የሚፈራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ባሕሩ ያለው ጅቡቲ፣ ሐይቁ ያለው ባሕር ዳር፣ እኛ ያለነው ደጋ ላይ ጋቢ ውስጥ። ዓሣ ሊበላን ቢነሳ እንኳ ዓባይ በረሃን አልፎ ደጀን ሳይደርስ ይደክመዋል ባይ ነበርኩ። ተሳስቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከተከራየንበት ቤት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ከሌላ ከየት ይጀምራል? እኔና ባለቤቴ ዓለም የምንኖረው ጋሽ ታደገ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። ጋሽ ታደገ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬም ሲያወሩ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ለመሰማት እንደሚታገሉ ነው። «እንደምን አደርክ!» ሲሉኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ትናንት ምን አጥፍቼ ይሆን የሚለው ነው።

ጡረታ ሲወጡ አንዱ ጓደኛቸው ወፍጮ ተከለ፣ አንዱ ቁይ ከተማ ገብቶ እህል መነገድ ጀመረ፤ እሳቸው ግን ባሕሩን ይዘው መጡ። ሳሎናቸው ውስጥ፣ የሰው ሁሉ ቡፌ በሚቆምበት ቦታ፣ የአንድ ሰው አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አለ። ውሃው የባሕር ውሃ ነው፤ ጨው ነው። ሲጎድል መንዳት ያልተዉት ጓደኞቻቸው በጀሪካን ጭነው ያመጡላቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ክረምቱን ሙሉ ሰማዩ ተቀዶ በሚፈስበት በጎጃም ምድር፣ ውሃ ከጅቡቲ የሚያስመጣ ሰው ነው አከራዬ።

ገንዳው ውስጥ ሦስት ዓሣዎች አሉ። ሁለቱ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር የማይለያዩ ባልና ሚስት ናቸው። ጋሽ ታደገ «ሙሽሮቹ» ይሏቸዋል። ሦስተኛው ቢጫ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የሚያህል፣ አፉ የሾለ። ስሙ ሻለቃ ይባላል። ይህ ሻለቃ ጭራው ሥር፣ በግራም በቀኝም፣ ምላጭ የመሰለ እሾህ አለው። ደግ ሲሆን ይከተዋል፣ ሲናደድ ይመዘዋል።

ነሐሴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ታደገ የኩላሊት ጠጠራቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መሄጃቸው ደረሰ። ጠሩኝ።

«ስማ! ሁለት ሳምንት ልቆይ እችላለሁ። ጠዋት አንድ ቁንጥር፣ ማታ አንድ ቁንጥር ታበላቸዋለህ። ምግባቸው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሌላ ምንም እንዳትነካ። አደራ!»

አደራ የምትለዋን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ። በእኛ አገር ሰው ብዙ ነገር ቢበላ ይቅር ይባላል፤ አደራ ከበላ ግን የልጅ ልጁም ስሙ አይጠራለትም።

«አንዳቸው ቢሞቱ እኔ መጥቼ አላስወጣህም» አሉና ሳቁ። «ቤቱን ባዶ አድርገህ ጠብቀኝ።»

የሳቀው አፋቸው ነው እንጂ ዐይናቸው አልሳቀም። ዓለም ደግሞ ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ የምትወልድ ሴት ናት። እቃ ጭኖ፣ አራስ አቅፎ፣ በነሐሴ ዝናብ ቤት ፍለጋ መዞር ይታያችኋል? በዚህ ከተማ «ልጅ አላችሁ ወይ?» ብሎ የማይጠይቅ አከራይ የለም። አለን ስትሉ ቤቱ ወዲያው ለዘመድ የተያዘ ይሆናል። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሦስት ዓሣዎች ነፍስ ከልጄ ጣራ ጋር እንደታሰረ አውቄያለሁ።

አሁን እትዬ ውዴን ላስተዋውቃችሁ። የጋሽ ታደገ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚያው ትልቁ ቤት ውስጥ ነው። ቁመታቸው እስከ ብብቴ ቢደርስ ነው። የግቢው መንግሥት ግን እሳቸው ናቸው፤ በሩን የሚያስከፍቱ፣ ውሻውን ዝም የሚያሰኙ፣ የሳሎኑን ቁልፍ የያዙ። ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ቆርቆሮዬን አንስቼ ገንዳው አጠገብ ስደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን ልታደርግ ነው ልጀ?»

«ቁርሳቸውን ልሰጣቸው ነው፣ እትዬ።»

«የምን ቁርስ? ዛሬ ፍልሰታ ገባ አይደለም እንዴ?»

«አይ፣ ለእኔ አይደለም። ለዓሣዎቹ ነው።»

«እሱማ ይታየኛል። በፍልሰታ የሰባት ዓመት ሕፃን እንኳ ቅዳሴ እስኪወጣ አፉን ይዞ ይውላል። እነዚህ ምን ቤት ናቸው? እኔ ባለሁበት ቤት ከቅዳሴ በፊት የሚቀምስ ፍጥረት የለም። ስመለስ እኔው አቀምሳቸዋለሁ።»

እኛ አገር ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ስንት ክርክር ተደርጓል። ዓሣው ራሱ ይጾማል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እኔ እስከማውቀው የትም ጉባኤ ላይ ቀርቦ አያውቅም። እትዬ ውዴ ያለ ጉባኤ ወሰኑት። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እሺ የምትለዋ ቃል ስንት ቤት እንዳኖረችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እትዬ ውዴ ሲመለሱ ቆርቆሮውን ከፍተው አንድ ቁንጥር ይጥሉላቸዋል፤ የእሳቸው ቁንጥር ደግሞ ለጉንዳንም አይበቃ። ማታ ልጨምር ስል «በጾም አንድ ጊዜ ነው» ይሉኛል። ዓሣዎቹ እንደኛ ሽሮ በአብሲት እንጀራ አላገኙ፣ ተልባ አልጠጡ፤ እሷን ቁንጥር ቀምሰው ያድራሉ።

በሦስተኛው ቀን ሻለቃ ተለወጠ። ከገንዳው ጥግ ቆሞ ሙሽሮቹን ያያቸዋል። ያያቸዋል፣ ያያቸዋል፣ ከዚያ ይወረወራል። ሙሽሮቹ ድንጋያቸው ሥር ይገባሉ። ሲወጡ ይጠብቃቸዋል። በአራተኛው ቀን የሙሽሪት ጭራ ጫፉ ተቦጭቆ አየሁ። ሰውነቴን ላብ አጠመቀው፤ በነሐሴ፣ በደብረ ማርቆስ፣ ላብ! ልክ በዚያች ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታደገ ናቸው።

«ሙሽሮቹስ?»

«እ... ይዋደዳሉ።»

«ሻለቃስ?»

«ቁጭ ብድግ እያለ ነው።»

ዓሣ ቁጭ ብድግ ይላል? እኔ እንጃ። ስደነግጥ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እሳቸውም «ጎሽ» ብለው ዘጉት፤ እኔ ስልኩን ይዤ የቀረውን የውሸት ዓይነት ማሰብ ጀመርኩ።

ስልኬ ላይ ስፈላልግ፣ ዓሣ ለማስታረቅ የተፈጠረ የሚመስል አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። ሲስቅ ጥርሱ አያልቅም። ገንዳው ውስጥ ጉልበተኛ ካለ መስታወት አስደግፉበት ይላል፤ የራሱን መልክ አይቶ ሌላ ጠላት የመጣ ስለሚመስለው ደካሞቹን ይተዋቸዋል። የዓለምን መስታወት ተሸክሜ ሄድኩ።

«በዘጠኝ ወሬ እብጠቴን የማይበት አንድ መስታወት አለኝ፤ እሱንም ለዓሣ?» አለች።

«ለቤታችን ነው» አልኳት።

ሻለቃ ራሱን አየ። ምላጩን መዘዘ። ያን ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲዋጋ ዋለ፤ አፍንጫው እስኪላጥ ተጋጨ። ሲመሽ ግን ያንን ያልተሸነፈ ጠላት ትቶ ዞረና ብሶቱን በሙሽሮቹ ላይ ተወጣው። እትዬ ውዴ ደግሞ መስታወቱን አይተው «በጾም ዓሣ ታኳኩላለህ?» አሉኝ። ከእሳቸው ፊት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

የፈረንጁ ሁለተኛ ምክር ድንጋዮቹን ቦታ ማቀያየር ነበር። ጉልበተኛው «ይህ የእኔ ግዛት ነው» ማለቱን እንዲረሳ ነው አሉ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ከተትኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት የሙሽሮቹን ድንጋይ ነበር፤ ከሥሩ ወጥተው መግቢያ አጥተው ሲንከራተቱ አየኋቸው። ቤት ማጣትን የሚያህል ፍርሃት እንዳለ ለእኔ ማን ይነግረኛል? ድንጋዩን ልመልስላቸው ስል ሻለቃ በእጄ ጎን ሽው ብሎ አለፈ። አልነካኝም ብዬ ነበር። ውሃው ሲቀላ ነው ያወቅኩት።

በማግስቱ ቢሮ ጣቴን ጠቅልዬ ገባሁ። አብሮኝ የሚሠራው ቢያድግልኝ አየኝ።

«ምን ሁነህ ነው?»

«ዓሣ ቆረጠኝ።»

«ዓሣ ስትቆርጥ ነው?»

«አይ፣ ዓሣው ነው የቆረጠኝ።»

«የት?»

«ሳሎን።»

ቢያድግልኝ ለአፍታ አየኝ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወንበሩን ከእኔ ራቅ አደረገ።

ሦስተኛው ምክር እስር ነበር። ጉልበተኛውን ውሃ በሚያሳልፍ ነገር ውስጥ ለጥቂት ቀን ማሰር። የዓለምን ትልቁን የፕላስቲክ ማጥለያ ወስጄ፣ በልብስ መቆንጠጫ ገንዳው አፍ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሻለቃን በጆግ ገለበጥኩበት። እፎይ ልል አፌን ስከፍት ሻለቃ ዘለለ። ዘሎ ምንጣፉ ላይ፣ እግሬ ሥር አረፈ።

እውነቱን ልናገር። አልያዝኩትም። እኔ ጎልማሳው፣ ነገ አባት የምሆነው ሰውዬ፣ ሶፋው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሻለቃ ምንጣፉን ይመታል፣ እኔ «ዓለም! ዓለም!» እያልኩ እጮሃለሁ። ዓለም ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ገባች። አየችው፣ አየችኝ። ሻሿን ከራሷ ፈትታ ጎንበስ ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው ተንበረከከች። በሻሹ ጠቅልላ አንስታ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች «አሁን ደግሞ እኔን አንሳኝ» አለች። ከሶፋው ወርጄ አነሳኋት። እሷም ሳቀች፣ እኔም እንባዬ መጣ። «ቤቱንስ ተወው፣ ምጤ ሲመጣም ሶፋ ላይ ልትወጣ ነው?» አለችኝ።

ምሥጢሩን የገለጠልኝ ግን ፈረንጁ አይደለም፤ ቢያድግልኝ ነው። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ እኔና እሱ በአንድ ስቴፕለር ተጣላን። «ያንተ ነው» «ያንተ አይደለም» ተባብለን ሸሚዝ ለሸሚዝ ልንያያዝ ምንም አልቀረንም። አሥር ሰዓት ላይ፣ ከጾም ምሳችን ተመልሰን፣ ራሱ ስቴፕለሩን ይዞልኝ መጣ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፤ ሰባት ሰዓት ላይ እኔ እኔ አይደለሁም» አለኝ። እኔም በድንገት ከወንበሬ ተነሳሁ። ሻለቃም ሻለቃ አይደለም! ያ ፍጥረት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ርቦት ነው!

ከዚያ ወዲያ አዲስ ፍርሃት ጀመረኝ፤ የሌባ ፍርሃት። እትዬ ውዴ ቅዳሴ ሲሄዱ ቁልፉን ጎመን መደቡ ጎን ካለው ድንጋይ ሥር ነው የሚያስቀምጡት። በየቀኑ ስድስት ተኩል ላይ ቢሮዬን ጥዬ፣ በባጃጅ በርሬ፣ ድንጋዩን አንስቼ እገባለሁ። አንድ ደህና ቁንጥር፣ ከዚያ ግማሽ ቁንጥር፣ ቆርቆሮውን እንደነበር፣ ቁልፉን እንደነበር። ሻለቃ ግን በሁለተኛው ቀን ምላጩን ከተተ። በሦስተኛው ቀን ሙሽሮቹ ወጥተው በፊቱ አለፉ፤ ዞሮም አላያቸው። ገንዳው ሰላም ሆነ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ውዴ ጃንጥላ ረስተው ተመለሱ።

እንዴት እንዳገኙኝ ልንገራችሁ። አንድ ጣቴ እንደተጠቀለለ ስለሆነ የቆርቆሮውን ክዳን በጥርሴ ነክሼ ነበር። ቁንጥሩ በቀኝ እጄ አለ። በሩ ሲጮህ ደንግጬ እጄ ወደ አፌ ሄደ፤ ክዳኑ ወደቀ፤ የዓሣው ምግብ ዱቄት ከንፈሬና ጢሜ ላይ ተበተነ።

እትዬ ውዴ በሩ ላይ ቆሙ። «ዋይ!» አሉ። «በፍልሰታ! በቅዳሴ ሰዓት! የዓሣ ዱቄት!»

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው «አልበላሁም፣ ዓሣዎቹን እያበላሁ ነው» ማለት። ያ ማለት የእሳቸውን ትእዛዝ ጥሼ፣ ቁልፋቸውን ሰርቄ፣ ጾመኛ አስፈስኬያለሁ ማለት ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ የበላሁት ማለት ነው። የሁለተኛው ኃጢአት በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው፤ የመጀመሪያው በእኔና በእትዬ ውዴ መካከል። እግዚአብሔር ምሕረቱ ብዙ ነው። እትዬ ውዴን ግን አውቃቸዋለሁ።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አልኩ። ላሳምናቸው ብዬም ከንፈሬን ላስኩ። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። ተከራዩ የዓሣ መኖ ይበላል ተባለ። አንዷ ጎረቤት «ሚስቱ እርጉዝ አይደለች? አምሮቷ ወደሱ ዞሮ ይሆናል» ብላ ልታስረዳልኝ ሞከረች። ሌላዋ በሰሐን ሽምብራ አሹቅ ይዛ መጥታ በሀዘኔታ አየችኝ። የነፍስ አባቴ ሳይቀሩ መጥተው ተቀመጡና «ልጄ፣ እሺ ሥጋ ቢሆን ይገባኛል» አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሁሉንም ቻልኩት፤ ያልቻልኩት እትዬ ውዴ ያሏትን አንዲት ቃል ነው። «ታደገ ይምጣ!»

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጋሽ ታደገ መጡ። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን አልከሳም። እኔ ቢሮ አልሄድኩም፤ ዓለም ጥቂት ልብስ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀምራለች። እትዬ ውዴ ወንድማቸውን ሳሎኑ ውስጥ ገና ሳያስቀምጡ ጀመሩ። ቤታችን ረከሰ፣ ጾም ተገደፈ፣ እንዲህ ያለ ሰው በግቢዬ አራስ ቤት አይሠራም፣ ዛሬውኑ ይውጣ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

ጋሽ ታደገ አዳምጠው ሲጨርሱ «ምንድን ነው የበላው?» አሉ።

«ያቺን የቆርቆሮዋን ዱቄት!»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ገንዳው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ውዴ፣ ቅዳሴ ይደርስብሻል፣ ሂጂ» አሉ። «እኔ ራሴ ነኝ የማነጋግረው።»

እትዬ ውዴ «እንዳትራራለት!» ብለዋቸው ወጡ። ጋሽ ታደገ ተነስተው በሩን ቆለፉት። ቁልፉ ሲዞር ነፍሴ አብራ ዞረች። ከገንዳው ፊት ቆሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ።

«የሙሽሪት ጭራ ምን ሁኖ ነው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘከዘክኩት። ጾሙን፣ መስታወቱን፣ ማጥለያውን፣ ሶፋውን፣ ቁልፉን። «አልበላሁም ጋሼ፣ እያበላኋቸው ነበር። ቤቱን ለመልቀቅ አንድ ወር ብቻ ይስጡን፣ እስክትወልድ» አልኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የምታበላቸው?»

«ስድስት ተኩል።»

«አይ ሞኝ!» አሉና ግንባራቸውን መቱ። «ስድስት ተኩል ይገባል? እሷ ጃንጥላ ትረሳለች፣ መነጽር ትረሳለች፣ ሁልጊዜ አንዴ ትመለሳለች። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው! ያን ጊዜ ቅዳሴ መሃል ናት፤ ቤቱ ቢቃጠል አትወጣም።»

ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ማመን አቃተኝ።

«ጋሼ... እርስዎም?»

«ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «ዘጠኝ ፍልሰታ ሙሉ ተደብቄ ነው የማበላቸው።»

«ታዲያ ስሄድ ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሽ ታደገ ወደ ተቆለፈው በር አዩ። ከተዋወቅን ጀምሮ ድምፃቸው ዝቅ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ፈርቼ ነዋ» አሉኝ።

ሁለታችንም ወደ ገንዳው ዞርን። ሙሽሮቹ በሻለቃ ፊት አለፉ።

«ቤቱንስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«የምን መልቀቅ? ይህን ምሥጢር ይዘህ የማን ቤት ልትከራይ ነው?» አሉ። «እዚሁ ትወልዳለች፣ እዚሁ ታሳድጋላችሁ። የትም አትሄዱም!» እያሉ ቆርቆሮውን ከፍተው አንድ ቁንጥር ወደ ውሃው በተኑ።

እኔ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ልል ጎንበስ ስል የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ ውዴ አንድ ነገር ረስተው ተመልሰዋል። ጋሽ ታደገ፣ ያ ከባድ መኪና ሲያስጓራ የኖረ ሰውዬ፣ ቆርቆሮውን እጄ ላይ ጣል አደረጉና፣

«አንተ ነህ የበላኸው» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ።